ዶሮውንም ሽንኩርቱንም ጻፋችሁ፤ ቢላውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በየበዓሉ ዋዜማ የምታወጡት የገበያ ዘገባ አምልጦኝ አያውቅም። ዶሮ ስንት ገባ፣ በግ ስንት ተባለ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ የሐበሻው ሽንኩርት ከፈረንጁ በስንት በለጠ፤ ሁሉንም ትጽፋላችሁ። ከሰል እንኳ አይቀራችሁም። የዘንድሮውን የፋሲካ ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። ቢላ የለም። በጉ በምን እንደሚታረድ፣ ዶሮዋ በምን አሥራ ሁለት ብልት እንደምትሆን፣ ያ ሁሉ ሽንኩርት በምን እንደሚከተፍ የጠየቀ ሰው የለም።

“ቢላማ ሁሉም ቤት አለ” ትሉኝ ይሆናል። አለ። ግን አብዛኛው አይቆርጥም፤ ይጨፈልቃል። ሽንኩርት ስትከትፉ ዓይናችሁን ከሚገባው በላይ የሚያስለቅሳችሁ የደነዘ ቢላ ነው። የተጨፈለቀ ሽንኩርት ውሃው ይረጫል፤ የተቆረጠ ግን ዝም ይላል።

እኔ ቢላ ሠሪ ነኝ። ጉለሌ ውስጥ ከአንድ ብየዳ ቤት ጀርባ ሦስት ሜትር በአራት የሆነች የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ። ምድጃዬ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነው። ብረት የምቀጠቅጥበት መስፌ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው። ወናፌ ደግሞ ባለቤቴ የጣለችው የፀጉር ማድረቂያ። አያቴ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር። የእሱ ወናፍ የፍየል ቆዳ ነበርና።

ደብዳቤውን የምጽፈው ግን በዘገባው ተቀይሜ ብቻ አይደለም። በዚህ ጾም ስለሠራኋቸው 24 ቢላዎች ልነግራችሁ ነው። እነሱን ሳስረክብ የገጠመኝ ነገር አለ፤ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ሁዳዴ ሲገባ አንድ የሥጋ ቤት ባለቤት ወርክሾፔ ድረስ መጡ። ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቶች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ። ይዘጋሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ሴራሚክ ይቀይራሉ። እሳቸውም ቤታቸውን እያደሱ ነበር። ቢላውም ይታደስ ብለው ነው የመጡት። ስድስት ትልልቅ ካራ ለብልት ማውጫ፣ አሥራ ስምንት ትንንሽ ደግሞ ቁርጥ ለሚበላ ደንበኛ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ።

“ሃምሳ አምስት ቀን አለህ” አሉኝ። “ቅዳሜ ሹር ጠዋት እጄ ላይ እንዲሆን።”

“ይደርሳል ጋሼ” አልኩ። ቀብዱን ተቀበልኩ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነው የደነገጥኩት። እኔ ነኝ፤ ከፖሊቴክኒክ የወጣ አንድ ልጅ አብሮኝ ይሠራል፤ በቃ።

በማግስቱ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የምፈልገው ባሌስትራ ነው፤ የጭነት መኪናን ክብደት ከሥር ተሸክሞ የሚጎብጠው ብረት። የግንባታ ፌሮ ቀጥቅጦ ቢላ ነው ብሎ የሚሸጥ አለ። መልኩ ቢላ ነው፣ ሲሳልም ይሳላል። ግን አንድ ኪሎ ድንች ሳትልጡበት ይደንዛል። ፌሮ ውስጥ ያለው ካርቦን ትንሽ ስለሆነ ብታግሉትም ብትነክሩትም እንደሚገባ አይጠነክርም። ባሌስትራ ግን ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለው። ጎብጦ ተመልሶ እንዲቀና ተብሎ የተሠራ ብረት ነው። መለያውም ቀላል ነው፤ ግራይንደር ታስነኩታላችሁ። የፌሮው ፍንጣሪ ረዘም ብሎ ቀጥ ይላል። የባሌስትራው ግን ጫፉ ላይ እየፈነዳ ቅርንጫፍ ያወጣል። ሻጮቹ እኔን ስለለመዱኝ ግራይንደሩን ራሳቸው ያቀብሉኛል።

ባሌስትራ አንድ ተንኮል አለው። ያገለገለ ነው። ስንት ዓመት የአባይን በረሃ በጭነት ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል። ድካሙ ውስጡ ነው። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። እሱን የምታውቁት ብዙ ከደከማችሁበት በኋላ ነው። ስለዚህ 24 ታዝዤ 27 ቆረጥኩ። ይህን ያሳሰበኝ እግዜር ነው፤ ታዩታላችሁ።

ብረቱን አግለን ካቀናን በኋላ ዐመድ ውስጥ ቀብረን አሳደርነው። ዐመድ ውስጥ ቀስ ብሎ የበረደ ብረት ይለሰልሳል፤ ሊማ፣ ማለትም ሞረድ፣ ይበላዋል። ቅርጹን ከጫማ ካርቶን ላይ ቆርጬ አወጣሁ። ለትልቁ ካራ ሆዱን ሰፋ፣ ጫፉን ትንሽ ወደ ላይ ቀና አደረግኩት። ብልት የሚያወጣ ሰው በሥጋና በአጥንት መሃል ነው የሚሄደው። ጫፉ መንገዱን ካልመራው ሥጋ አጥንት ላይ ይቀራል። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። የእሳቸው ብልት አውጪ ነው። አንድ ቀን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ እጁን ሳይ ዋልኩ። ምን እንደሚፈልግ ስጠይቀው በቃል አልመለሰልኝም። አሮጌ ካራውን ሰጠኝና “ይሄ የሚያመኝ እዚህ ጋ ነው” ብሎ የእጁን አንጓ አሳየኝ። እጀታው አጥሮበት ነበር። ስድስቱንም ካራ እጀታቸውን ሁለት ጣት አስረዘምኩ።

ቅጥቀጣውን ብዙ አላወራበትም። ብረቱ የበሰለ ብርቱካን ሲመስል ትመታላችሁ። ወደ ጥቁር ቀይ ሲወርድ ታቆማላችሁ። ካላቆማችሁ ይሰነጠቃል። ወሬው ይኸው ነው፤ ሥራው ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጎረቤት ያለችው መምህርት የተማሪ ፈተና ታርማለችና ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መዶሻ የለም ተባብለናል።

ምልክቴን የማትመው ቅጥቀጣው ሲያልቅ ነው፤ ብረቱ እንደጋለ፣ ገና ሳይጠነክር። ማተሚያዬን የሠራሁት ከተሰበረ ሊማ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ፊደል ብቻ አለች፤ “ጠ”። አንድ ምት፣ ከስለቱ ራቅ ብሎ እጀታው አጠገብ። ሰው ሁሉ የስሜ መጀመሪያ ይመስለዋል። አይደለም። እመለስበታለሁ።

ማጠንከር የማታ ሥራ ነው። በቀን ብርሃን ሲታይ የጋለ ብረት መልኩ ያታልላል። ጨለማ ውስጥ አይዋሽም። መብራቱን አጥፍተን፣ በሩን ገርበብ አድርገን ጀመርን። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በሽቦ አንጠልጥያለሁ። ቢላውን ከፍሙ አውጥቼ አስጠጋዋለሁ። ከተሳሳቡ ገና ነው። 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ብረት ማግኔትን ይክደዋል፤ እንደማያውቀው ሰው ያልፈዋል። ከዚያ ትንሽ እጨምራለሁ። መልኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሲሆን በጉጠት ይዤ ወደ ዘይቱ።

ዘይታችን የራሱ ታሪክ አለው። ጥግ ላይ ቦንቦሊኖ የሚጠብሱ እናት አሉ፤ የተጠበሰበትን ዘይት ይሸጡልኛል። ያ የረጋ ዘይት የምንለው ነው። የጉለሌ ብርድ ላይ እንደ ቅቤ ይረጋልና አስቀድሜ ማሞቅ አለብኝ። እጅ የማይችለው ግን የማያፈላ ሙቀት፣ 50 ወይም 60 ዲግሪ ይበቃዋል። ቀዝቃዛ ዘይት ብረቱ ዙሪያ ቶሎ አይዘዋወርም። በውሃ ብነክረውስ ያላችሁ እንደሆነ፣ ባሌስትራ ውሃን አይወድም፤ ይሰነጠቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚጠቀሙ ወንድሞች አሉ። ጭሱ ለሳንባ ጠንቅ ነውና እኔ ትቼዋለሁ። ባይሆን የእኔ ወርክሾፕ ቦንቦሊኖ ቦንቦሊኖ ይሸታል። አንድ ማታ ጥበቃው በሩን አንኳኩቶ “ትሸጣላችሁ እንዴ?” ብሏል።

ስምንቱ በሰላም ገቡ። ዘጠነኛው ላይ ዘይቱ ውስጥ “ትን” የሚል ድምፅ ሰማን። ብርጭቆ በሻይ ማንኪያ እንደመንካት ያለ ነው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ።

“ጋሼ፣ ምንድን ነው?”

“የአባይ በረሃ ነው” አልኩት።

ስናወጣው ከስለቱ እስከ መሃሉ የፀጉር ያህል መስመር ወጥቷል። ሦስት ሳምንት የተደከመበት ቢላ በሁለት ሰኮንድ ቆሻሻ ሆነ። 26 ቀረን።

ከዘይት የወጣ ቢላ ጠንካራ ነው ተብሎ አይታመንም። ሊማ ስታስኬዱበት ይንሸራተታል፤ ይህ ደስ ይላል። ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪም ነው። እንደገና ለስለስ ማለት አለበት፤ 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ። ለዚህ የምጠቀመው የቤታችንን ኦቭን ነው። ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ የራሷ አስተያየት አላት፤ እዚህ አልጽፈውም። የመጀመሪያዎቹን ደርድሬ አስገብቼ ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ጠፋ።

በሞባይል መብራት የቀሩትን ከጠረጴዛ ላይ ላነሳ ስል አንዱ ሾልኮ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። ለሁለት ተከፈለ። ጨለማ ውስጥ ተሳድቤያለሁ፤ ጾም መሆኑን ባለቤቴ ናት ያስታወሰችኝ። ከዚያ ስብራቱን ወደ መብራቱ አስጠጋሁትና ዝም አልኩ። ውስጡ ግራጫ ነው። ደቃቅ፣ አንድ ዓይነት፣ እንደ ተነፋ ዐመድ። ከልክ በላይ የጋለ ብረት ቢሆን ስብራቱ እንደ ሻካራ ጨው ያብረቀርቅ ነበር። ይሄ ግን ፍጹም ነበር። አስቡት፤ ቢላው ጥሩ መሆኑን በዓይኔ ያየሁት ስለተሰበረ ነው። የቀሩት 25ቱ ውስጣቸው ይህን መምሰሉን አውቄ ተኛሁ። ስባሪውን መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ልጆች ሥራ ሊማሩ ሲመጡ መጀመሪያ የማሳያቸው እሱን ነው።

መብራቱ በማግስቱ መጣ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን፤ ጉዳት የለውም። ሲወጡ በብርጭቆ ወረቀት ገለጥ ያደረግናቸው ቦታ ላይ የገለባ መልክ ይዘዋል፤ ወርቃማ ቢጫ። ይህ መልክ የምወደው መልክ ነው።

ሦስተኛው የጠፋው በልጁ እጅ ነው። ስለቱን በግራይንደር ሲያሳሳ ቸኮለ። እያሳሱ በየመሃሉ ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። ጫፉ ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊ ማለት 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል ማለት ነው። ጥንካሬው ሄዷል። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። እኔ በእሱ ዕድሜ ስንቱን ሰማያዊ እንዳደረግኩ ነገርኩት። ቁጥሩን ቀንሼ ነው የነገርኩት። 24 ቀረ፤ ልክ በልክ።

እጀታው ወይራ ነው። ዱሮ የተሰነጠቁ ሙቀጫዎችን እየገዛሁ አከማቻለሁ። ስንት ዓመት ደርቆ የኖረ እንጨት ከእንግዲህ አይኮማተርም። ወይራ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ የሚሸተው ሽታ እናቴ የወተት ዕቃ ስታጥን የነበረውን ነው። ያን ሰሞን ልብሴን ሁሉ ይዞት ነበር። እንጨቱን ከብረቱ ጋር የማሰርበት ምስማር የመዳብ ነው፤ ከወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የወጣ። በሁለቱም በኩል ቀስ እያልኩ በትንሽ መዶሻ አናቱን አሰፋዋለሁ። ከዚያ የተልባ ዘይት አጠጣዋለሁ። ተልባ እንደ ሌላው ዘይት ቅባት ሆኖ አይቀርም፤ ቀስ ብሎ ይደርቅና ይጠነክራል። እግረ መንገዴን፣ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድዳችሁ እንዳትጥሉ። በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል። እኔ ገመድ ላይ ዘርግቼ ነው የማደርቀው።

በመጨረሻ መሳል። በድንጋይ፣ ቀጥሎ በአሮጌ ቀበቶ ቆዳ። ስለት መውጣቱን የምፈትነው በጋዜጣ ነው። ስስ ወረቀት ስለሆነ አይዋሽም። ጥሩ ቢላ ጠርዙን ይዞ እስከ ታች ያለ ድምፅ ይወርዳል። ይቅርታ አድርጉልኝና የገበያ ዘገባችሁ ያለበትን ገጽ ነው 24 ቦታ የቆራረጥኩት።

ሰውዬው ሊያዩት የመጡት በሰሞነ ሕማማት ረቡዕ ነው። ሕማማት ነውና አልተሳሳምንም። ቢላዎቹን ጨርቅ ላይ ደርድሬ ጠበቅኋቸው። አንዱን ካራ አነሱ። መዘኑት። አውራ ጣታቸውን በስለቱ አግድም አሳለፉ፤ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው። ፊታቸው ፈካ።

“ይሄ ልጅ እጁ ይባረክ” አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። ከዚያ ገልብጠው አዩት። “ይቺ ‘ጠ’ ምንድን ናት?”

“ምልክቴ ነው ጋሼ።”

ትንሽ ዝም አሉ። “እንደው ግን… ‘ጀርመን’ ብለህ ብትጽፍበት አይሻልም?”

ቀልድ መሰለኝ። ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። “ደንበኛ ምን እንደሚል አላውቅም መሰለህ? ቢላ ሲቀርብለት ገልብጦ ያያል። የእኛ ሰው የሠራው ነው ካልከው፣ ሳይቆርጥበት ‘ደነዘ’ ይልሃል። መርካቶ በሌዘር የሚጽፉ ልጆች አሉ። አንተ ካልፈለግህ እኔ አስጽፈዋለሁ።”

ክፋት የላቸውም። ዋጋ ለመቀነስም አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የተስማማንበትን ሳይከራከሩ ከፍለዋል። ሥራዬን ወደውታል። የማይወዱት የሠራሁት እኔ መሆኔን ነው። ልክ ነው፣ አንድ ነገር አላቸው፤ እኔም ራሴ ዕቃ ስገዛ ገልብጬ አገር የማይ ሰው ነኝ።

ግን ስለ ጀርመን ካነሱ አይቀር፣ ጀርመን አገር ሶሊንገን የምትባል ከተማ አለች። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሰይፍና ቢላ የምትሠራ ናት። እዚያ ያልተሠራ ስለት ላይ “ሶሊንገን” ብሎ መጻፍ በሕግ ከተከለከለ ቆይቷል፤ ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ሰዎቹ የከተማቸውን ስም እንደዚህ ይጠብቃሉ። እኛ ደግሞ የራሳችንን ደብቀን የእነሱን እንለጥፋለን። ለይርጋጨፌና ለሐረር ቡና ስም ውጭ አገር ድረስ ሄደን የታገልን ሰዎች እኮ ነን። ለቡና ያልነፈግነውን ለብረት የምንነፍገው ለምን እንደሆነ ሳስብ አያቴ ጋ እደርሳለሁ።

አያቴ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ያገሩ ሰው ሁሉ ከእሱ ነው የሚያሠራው። ክፍያው እህል ነው፣ አዝመራ ሲገባ። ቡና ግን ከእሱ ጋር አይጠጣም። ስኒው ለብቻ ነው። ሴቶች እሱ ሲያልፍ የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ቡዳ ነው ተብሎ። ማረሻው በላዩ ሦስት ጭረት ነበረው፤ የእሱ ምልክት። ያ ሦስት ጭረት ያረሰውን እህል ሁሉም ይበላል። ጭረቱን የጫረውን ሰው ግን “ጠይብ” ነው የሚሉት። ስድብ ነበር። አዋቂዎች ቃሉ “ጠቢብ” ከሚለው የመጣ ነው ይላሉ፤ እንዴት ወደ ስድብ እንደዞረ እንግዲህ እኛው እናውቃለን።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት እያላችሁ አትስደቡ የሚል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አያቴ የተወለደው ከአዋጁ በኋላ ነው። ስኒው ግን እስከ ሞተበት ቀን ለብቻ ነበር።

አባቴ አዲስ አበባ ገባና ብየዳ ተማረ። ብየዳ ሠራተኛ ሲባል ማንም ፊቱን አይሸፍንም። ያው እሳት ነው፣ ያው ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ስለገባበት ብቻ “ሙያ” ተባለ። የአባቱን ሥራ ለማንም ነግሮ አያውቅም። እኔ የሰማሁት ከአክስቴ ነው፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ። ማተሚያዬን ስሠራ ያቺን ፊደል የመረጥኳት ለዚህ ነው። ጠ ደግሞ ሦስት እግር አላት። የአያቴም ጭረት ሦስት ነበር።

ይህን ሁሉ ለሰውዬው አልነገርኳቸውም። ሕማማት ነው፣ ደክሞኛል፣ ቀሪ ሂሳብም አለኝ። እንዲህ ብቻ አልኩ፤ “ጋሼ፣ ቢላው የእርስዎ ነው፤ የፈለጉትን ያስጽፉበት። ግን አንድ ዓመት በነፃ እስልልዎታለሁ ብዬ ነበር። ጀርመን የተጻፈበትን እኔ አልስልም። ጀርመን ይውሰዱት።”

አዩኝ። ልጁ ግራይንደሩን የሚያጸዳ መስሎ ጆሮውን አቁሟል። ሰውዬው ቀስ ብለው መሳቅ ጀመሩ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። “አንተ ነገረኛ!” አሉ። ቢላዎቹን በጨርቁ ጠቅልለው ሄዱ። ያስጽፉበት አያስጽፉበት አልነገሩኝም።

በዳግማይ ትንሣኤ ሄድኩ። እንደ ደንበኛ ተቀመጥኩና ግማሽ ኪሎ ቁርጥ አዘዝኩ። አዋዜው፣ ሚጥሚጣው፣ ሰናፍጩ መጣ። ቢላ መጣ። ገልብጬ አየሁት። “ጠ” ብቻ። ስለቱ ሥጋና ሎሚ እየነካው ትንሽ ጠቆር፣ ሰማያዊ ቢጤ ሆኗል። የባሌስትራ ቢላ እንደዚያ ነው የሚያረጀው፤ ዝገት አይደለም።

አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዎች ይበላሉ። አንደኛው ሥጋውን ቆርጦ ቆም አለ። ቢላውን ገለበጠ። አስተናጋጁን ጠራ።

“ይቺ ‘ጠ’ ምንድን ናት?”

አስተናጋጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ለሰከንድ እንኳ አላመነታም። “ጥራት ማለት ነው” አለ።

ሰውየው አንገቱን ነቀነቀና ቀጠለ። እኔም ዝም ብዬ በላሁ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለመጪው በዓል ነጋዴውን ስታነጋግሩ ቢላ ሠሪንም አነጋግሩ። ምናለሽ ተራ ጎራ ብትሉ ከእኔ የሚበልጡ አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጡ ነው የሚውሉት፣ ድምፁን ተከትላችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ከሽንኩርቱ በታች አንድ መስመር ብትጨምሩ ገጹ አይጠብም። “ቢላ፣ ያገር ውስጥ” ብላችሁ ዋጋውን አስቀምጡ። ባሌስትራ ሲወደድ እኛም እንደምንወደድ ሰው ይወቅ። ዘንድሮ ትንሹን በ1,500 ብር ነው ያስረከብኩት።

ሌላም አለ፤ ይህ ለአንባቢዎቻችሁ ነው። እንዲህ ያለ ቢላ ካላችሁ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። እርጥብ ሳህን ውስጥ አታሳድሩት። የማይዝገው ቢላ የማይዝገው ክሮሚየም ከመቶው ከአሥር እጅ በላይ ስላለበት ነው፤ ባሌስትራ ውስጥ አንድ እንኳ ቢኖር ነው። ብዙ ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ዘይት ቀባ አድርጉት። ደግሞም በእናታችሁ፣ ጠርሙስ አትክፈቱበት። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጫፉ ተሸርፎ ተመልሷል። “እንዲሁ በራሱ ነው” ብለውኛል፤ የቆርኪው ጭረት ግን አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጠ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ